የልዳው ጊዮርጊስና የሎድ ሁለቱ ወንድማማቾች

ከኢትዮጵያ ተነስተን ቤን ጉሪዮን አውሮፕላን ማረፊያ ስንደርስ መጀመሪያ የረገጥነው መሬት የሎድ ከተማ ደጃፍ ነው። በገዴራ፣ በያቭኔና በቅርያት ማላኪ የምንኖር ሰዎች ዛሬም ሎድን የምናውቃት ባቡር ለመቀየር ነው እንጂ ሌላ ጉዳይ የለንም። ሆኖም ይህች ከተማ አገር ቤት ሳለን በሌላ አጠራር ስሟን ስንሰማ የኖርናት ልዳ ናት። ክርስቲያን ጎረቤቶቻችን በየወሩ በ23 የሚዘክሩት፣ ሚያዝያ 23 ቀን በዓሉን የሚያከብሩለት፣ ሲደነግጡም ሲምሉም ስሙን የሚጠሩት ጊዮርጊስ መቃብሩ እዚህ እንደሆነ ይታመናል።

በዚህ ጽሑፍ የማቀርበው የሃይማኖት ትምህርት አይደለም። ስለ ጊዮርጊስ የተጻፈውንና የተሣለውን እንደ አንድ የድርሰት ሥራ አይቶ መመዘን ነው። ምክንያቱም ልጆቻችን ይጠይቃሉ። በቢራ ጠርሙስ ላይ ፈረሰኛውን ያያሉ፣ በእግር ኳስ ክለብ ስሙን ይሰማሉ፣ ከዚያም «ይህ ማን ነው?» ይላሉ። ወላጅ ወይ ዝም ይላል፣ ወይ «የእኛ አይደለም» ብሎ ነገሩን ይዘጋዋል። በተለይ አያቶቻቸው በችግርና በግፊት ሃይማኖት ለውጠው የኖሩባቸው፣ በቅርብ ዓመታት ከጎንደር የመጡ ቤተሰቦች ስሙን ማንሳት ራሱ ጥርጣሬ ያመጣብናል ብለው ይፈራሉ። ፍርሃቱ ይገባኛል፤ ዝምታው ግን ልክ ነው ብዬ አላምንም። የቤተ እስራኤል መነኮሳትና ቄሶች የጎረቤትን መጽሐፍ አይተው የሚሸሹ ሰዎች አልነበሩም። ገድለ አብርሃምን፣ ገድለ ይስሐቅንና ገድለ ያዕቆብን በግዕዝ ከክርስቲያኖች እጅ ተቀብለው፣ የክርስትናውን ቃል አውጥተው፣ በምትኩ የእስራኤልን አምላክ ምስጋና አስገብተው የራሳቸው አድርገዋቸዋል። የሚወሰደውንና የሚጣለውን የለዩት አንብበው ነው።

ከሥዕሉ እንጀምር። ነጭ ፈረስ፣ ረጅም ጦር፣ ከፈረሱ እግር ሥር ዘንዶ፣ ዛፍ ላይ የተቀመጠች ብሩታዊት የምትባል ልጃገረድ። የጎንደር ሰው ደብረ ብርሃን ሥላሴ ግድግዳ ላይ አይቶታል። (በነገራችን ላይ በጎንደር ዘመን ቤተ መንግሥቱንና አብያተ ክርስቲያናቱን ካነጹት ግንበኞችና አናጢዎች መካከል ቤተ እስራኤል ነበሩበት፤ ስለዚህ ከግድግዳው አንዳንዱ የአባቶቻችን እጅ ያረፈበት ነው።) በአገራችን የሥዕል ሕግ ጻድቅ በሁለት ዓይኑ ይሣላል፣ ክፉ ደግሞ በጎን፣ በአንድ ዓይን። ጊዮርጊስም ዘንዶውን እየወጋ ዓይኑ ወደ ተመልካቹ ነው፤ ፊቱ ላይ ቁጣ የለም። ይህ ትልቅ ጥበብ ነው።

ግን ሥዕሉ አንድ ከባድ ጉድለት አለበት። የዘንዶው ነገር በጥንቱ የጊዮርጊስ ታሪክ ውስጥ የለም። መታየት የጀመረው ከ11ኛው ክፍለ ዘመን ወዲህ ሲሆን፣ ጊዮርጊስ ሞተ የሚባለው እ.ኤ.አ. በ303 በተጀመረው በንጉሥ ዲዮቅልጥያኖስ ስደት ነው። በመካከሉ ከሰባት መቶ ዓመት በላይ አለ። ከሁሉ የሚከፋው ደግሞ ሥዕሉ ጦር በእጁ ሳይኖር ለሞተ ሰው ጦር ማስጨበጡ ነው። ነገሥታት ይህን ፈረሰኛ ለምን እንደወደዱት ግልጽ ነው። የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. አድዋ ላይ ድሉ በእሱ ዕለት ሲሆን ሕዝቡ ያሰበው ፈረሰኛውን ነው እንጂ በዳኛ ፊት ታስሮ የቆመውን ወጣት አይደለም። በአጭሩ ዘንዶው ጊዮርጊስን ውጦታል።

ገድሉ ራሱስ? በግዕዙ ገድል ጨካኙ ንጉሥ ዱድያኖስ ይባላል። ከእሱ ጋር 70 ነገሥታት ተሰብስበዋል፤ መከራው ሰባት ዓመት ይፈጃል፤ ጊዮርጊስ ሦስት ጊዜ ሞቶ ሦስት ጊዜ ይነሣል። አካሉ ተፈጭቶ በደብረ ይድራስ ተራራ ላይ ይበተናል፤ እንደገና ሙሉ ሰው ሆኖ ይመለሳል። አንባቢ በመጀመሪያው ትንሣኤ ይደነቃል፣ በሁለተኛው ይለምደዋል፣ በሦስተኛው ልቡ አይደነግጥም፤ እንደገና እንደሚነሣ ያውቃልና። ሞት የማያስፈራ ከሆነ ደግሞ ድፍረቱ ዋጋው ይቀንሳል። ይህ የጽሑፉ ዋና ድክመት ነው እላለሁ።

የገድሉ ምርጥ ክፍል ተአምር የሌለበት ነው። ንጉሡ ጊዮርጊስ እጁን የሰጠ መስሎት ወደ ቤተ መንግሥት ያስገባዋል። ሌሊት ጊዮርጊስ ከመዝሙረ ዳዊት እየጸለየ ሳለ ንግሥቲቱ ትሰማውና የቃሉን ትርጉም እንዲነግራት ትጠይቀዋለች። እሱ ያስረዳታል፤ እሷም ታምናለች፤ በኋላም በባሏ እጅ ትሞታለች። አንዲት ሴት በገዛ ቤቷ ጥያቄ ጠየቀች፣ መልሱን ተቀበለች፣ ዋጋውን ከፈለች። ዳዊት ደግሞ የሁላችንም ነው።

አሁን እዚያው ሎድ እንቆይ። በታልሙድ ውስጥ «ሀሩጌ ሎድ»፣ ማለትም የሎድ ሟቾች የሚባሉ አሉ፤ ሉልያኖስና ፓፖስ የሚባሉ ወንድማማቾች ናቸው ይባላል። ታሪካቸው በተዓኒት ክፍል ይገኛል። ቱርያኖስ ሊገድላቸው ሲል ያፌዝባቸዋል፦ የአናንያ፣ የሚሳኤልና የአዛርያ ወገን ከሆናችሁ አምላካችሁ እንደ እነሱ ያድናችሁ ይላቸዋል። እነሱም ተአምር አይለምኑም። ሠለስቱ ደቂቅ ፍጹም ጻድቃን ነበሩ፣ ናቡከደነፆርም ተአምር ሊደረግበት የሚገባ እውነተኛ ንጉሥ ነበር፤ አንተ ግን ተራ ሰው ነህ፣ እኛም ሞት የተፈረደብን ነን፤ አንተ ባትገድለን እግዚአብሔር ድብም አንበሳም አያጣም ብለው ይመልሱለታል። ከዚያ ተገደሉ። አልተነሡም። ገዳያቸው ግን ገና ከቦታው ሳይነቃነቅ ከሮም በመጡ ሹማምንት ተገደለ ይላል።

ራሺ በ11ኛው ክፍለ ዘመን በሰጠው ማብራሪያ ምክንያቱን ይነግረናል። የንጉሥ ልጅ ተገድላ ተገኘችና በአይሁድ ላይ ተሳበበ፤ ሁለቱ ወንድማማቾች ሕዝቡ እንዳያልቅ ሲሉ «እኛ ነን የገደልናት» ብለው ያልሠሩትን ወንጀል በራሳቸው ላይ ወሰዱ። እንግዲህ በአንድ ከተማ ስም ሁለት ታሪክ አለ፤ በሁለቱም ውስጥ የንጉሥ ልጅ አለች። በአንደኛው ፈረሰኛ ደርሶ ያድናታል። በሌላኛው ማንም አልደረሰላትም፣ ከሞተች በኋላ ግን ሁለት ሰዎች ለሌላው ሲሉ ይሞታሉ። እንደ ድርሰት ብመዝናቸው ሁለተኛው ይበልጥብኛል። አጭር ነው፣ ተናጋሪዎቹ ራሳቸውን አያገዝፉም፣ አንባቢም ከእነሱ ጋር ይፈራል።

መቃብሩን ማየት ለሚፈልግ ቤተ ክርስቲያኑ በአሮጌው ሎድ ውስጥ ነው። የመስቀል ጦረኞች የሠሩትን ሳላሕ አልዲን በ1191 አፈረሰው፣ የግብጹ ሡልጣን ባይባርስ በ1268 ከጎኑ መስጊድ አሠራ፣ ዛሬ የምናየው የግሪኮች ቤተ ክርስቲያን ደግሞ በ1870ዎቹ የተሠራ ነው፤ ሁለቱ ግድግዳ ለግድግዳ ተጠጋግተው ቆመዋል። የያቭኔ ሰዎች አይደነቁም፤ እዚያም ባይባርስ በ1274 ያስጌጠውን መቃብር አይሁድ የራባን ገምልኤል ነው ሲሉ ሙስሊሞች የአቡ ሁረይራ ነው ይላሉ። ልዳ ላይ የቤተ ክርስቲያኑ መቀደስ የሚታሰበው ኅዳር 7 ቀን ሲሆን በ2020 (እ.ኤ.አ.) ስግድ በዚሁ ዕለት ውሎ ነበር።

ይህን ሁሉ ያነሳሁት የራሳችንን ሙታን እንዴት እንደምንተርክ ስለሚያሳስበኝ ነው። በሱዳን መንገድና በካምፖቹ ወደ 4,000 የሚጠጉ ወገኖቻችን አልቀዋል፤ በሄርጽል ተራራ መታሰቢያ አላቸው፣ በየዓመቱም ኢያር 28 ቀን ይታሰባሉ። ለልጆች ሲተረክ ግን ጅቡና ሽፍታው እያደጉ ሲሄዱ እሰማለሁ፤ ውሃ ለሌላው ልጅ ሰጥታ ራሷ የወደቀችው እናት ታሪኳ እየጠበበ ይሄዳል። ዘንዶው እዚህም እየመጣ ነው።

ከዚህ የሚሻል አተራረክ በእጃችን አለ፣ ያውም የተጻፈው በጠላት ወገን ነው። በ16ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ንጉሥ ሠርፀ ድንግል ሰሜን ላይ ቤተ እስራኤልን በወጋ ጊዜ፣ የንጉሡ ዜና ጸሐፊ ስለ አንዲት ምርኮኛ ሴት መዝግቧል። እጇ ከማራኪዋ እጅ ጋር ታስሮ ገደል አፋፍ ላይ ስትደርስ አዶናይን ጠርታ ራሷን ወረወረች፣ ሰውየውንም ይዛው ወረደች። ጸሐፊው ክርስቲያን ነው፣ የንጉሡም ሰው ነው፤ ሆኖም ድፍረቷን ያደንቃል። መልአክ አልመጣም፣ ማንም አልተነሣም። በሚመጣው ኢያር 28 በየማኅበራችን ይህ ክፍል በአማርኛና በዕብራይስጥ ቢነበብ ከአምስት ደቂቃ በላይ አይወስድም።