ሆዱ የወጣ ሰዓት

አሮጌ ዕቃ የመውደድ ፋሽን እኛም ዘንድ ደርሷል። ደስ ይላል። ደስ የማይለው ዕቃውን እየወደድን ሆድ ዕቃውን አውጥተን መጣላችን ነው።

ውጫሌ ከተማ፣ አንድ ዘመዴ ቤት፣ ቡፌው ላይ አበባ የተሳለበትና ጠርዙ ወርቅ የተቀባ የፖርሲሊን ሰዓት አለ። "ከንጉሥ ሚካኤል ግቢ የወጣ ነው" ይላሉ። (ይህ የተባለለት ዕቃ ሁሉ እውነት ቢሆን የንጉሡ ግቢ መጋዘን ነበር!) ጀርባውን ሳዞረው ያየሁት በድንጋይ የሚሠራ የቻይና ማሽን ነው። "አብሽር፣ አሁንማ መሙላት ቀረ" አሉኝ በኩራት። የድሮውን ማሽን ሰዓት ሠሪው የእጁን ዋጋ ቀንሶላቸው ወስዶታል።

ምን እንደወሰደ ልንገራችሁ። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ፈረንሳዮች እንዲህ ያለውን ሰዓት ሲሠሩ ፖርሲሊኑ ልብሱ፣ ናሱ ሰውነቱ ነበር። የቦኩር ከተማው ዣፒ ፍሬር ፋብሪካ ማሽኑን በብዛት እያመረተ ለሌሎች ሰዓት ሠሪዎች ይሸጥ ነበር፤ ማኅተሙም የሚገኘው ከኋላ፣ ናሱ ላይ ነው። ሁለት ሞላ አለው፤ አንዱ ጠቋሚዎቹን ያስኬዳል፣ ሌላው ይደውላል። አንዴ ከተሞላ ሳምንትና ከዚያም በላይ ይሄዳል። የእኛም አቆጣጠር አይከብደውም፤ ጠቋሚውንና ደወሉን ካስማሙለት ቀትር ላይ ስድስት ጊዜ ይደውላል። ያ ባለ ድንጋይ ግን ዲዳ ነው።

ፖርሲሊኑ ብቻውን ምስክር አይሆንም። የታወቀው የጀርመኑ ሜይሰን ፋብሪካ የሁለት ሰይፍ ምልክት እንኳ ስንቴ ተመሳስሎ ተሠርቷል! ናሱ ከሌለ "የንጉሥ ሚካኤል ነው"፣ "የለም፣ ትናንት ከመርካቶ የመጣ ነው" እየተባባሉ መከራከር ብቻ ነው የሚቀረው። ፊት አይቶ ጀርባ አለማገላበጥ ደግሞ ለውጫሌ ሰው አያምርበትም። እዚያው ይስማ ንጉሥ ላይ በ1881 የተፈረመው ውል 17ኛው አንቀጽ በአማርኛ ሌላ፣ በጣሊያንኛ ሌላ ሆኖ ዓድዋ ድረስ ወስዶናል።

በ2014ቱ ጦርነት የደሴ ሙዚየም ተዘርፏል። ከዚያ ወዲህ የወሎ ቅርስ የቀረው በየሰው ቡፌ ላይም ጭምር ነው። የባህልና ቱሪዝም ሰዎች የበዓል ባነር ሰቅለው ሲጨርሱ፣ እባካችሁ፣ ቤት ለቤት ዞራችሁ መዝግቡ፤ የሰዓቱንም ጀርባ ፎቶ አንሱ። ባለቤቶቹም ድንጋዩ ካልቀረ፣ የወጣውን ማሽን በጨርቅ ጠቅልለው እዚያው ቡፌ ውስጥ ያኑሩት። ለሰዓት ሠሪው የእጁ ዋጋ በብር ይከፈለው።