የኬሚካዊ ውህደት ሕግጋትና የተማሪው ሚዛን

በሁለተኛ ደረጃ የኬሚስትሪ ትምህርት ውስጥ ስለ ኬሚካዊ ውህደት መሠረታዊ ሕግጋት የሚያወሳ አንድ ምዕራፍ አይታጣም። ምዕራፉ አብዛኛውን ጊዜ የሚዘጋጀው በአንድ ዓይነት መልክ ነው። በመጀመሪያ የሕጉ ስም፣ ቀጥሎ ያገኘው ሊቅና ዘመኑ፣ ከዚያም የሕጉ ቃል፣ በመጨረሻም አንድ ሁለት የስሌት ጥያቄዎች ይሰፍራሉ። አጭርና ግልጽ በመሆኑ ለጥናትም ሆነ ለፈተና ያመቻል፤ ይህን ጠቀሜታውን አንክድም። ሆኖም ተማሪው ሕጉን እንዲያነበንበው እንጂ እንዲያምንበት አያደርግም። ስለዚህ ሦስት ጉድለቶቹን ለሥራ ባልደረቦቻችንና ለተማሪዎች ልናመለክት እንወዳለን።

የመጀመሪያው ጉድለት ሕጉ ከሚዛን በላይ መቀመጡ ነው። ለማስተማር ልምምድ የተሰማሩ ሠልጣኞቻችንን ለመከታተል ወደ አንድ ትምህርት ቤት በሄድንበት ጊዜ ያየነውን እንጥቀስ። ርእሱ የመጠነ ቁስ አለመጥፋት ሕግ ነበር። ተማሪዎች በጠርሙስ አቼቶ ጨምረው፣ በፊኛ ውስጥ ቤኪንግ ሶዳ ከተው፣ ፊኛውን በጠርሙሱ አፍ ላይ አጥብቀው ካሰሩ በኋላ መዘኑ። ከዚያም ሶዳውን ወደ አቼቶው አራገፉት፤ ፊኛው ተነፋ። እንደገና ሲመዝኑ 0.9 ግራም ያህል ቀንሶ ተገኘ። ከጠርሙሱ የወጣ ጋዝ አልነበረም። ታዲያ ያ 0.9 ግራም ወዴት ሄደ? አንድ ተማሪ ያገኘውን ቁጥር እንዳለ በደብተሩ አሰፈረ። ሠልጣኙ ግን «የሚዛን ስሕተት ነው» ብሎ አሰረዘውና «ለውጥ የለም» እንዲል አዘዘው። እኛም ከኋላ ወንበር ተቀምጠን በዚሁ ተስማማን፤ በግምገማ ቅጹም ላይ «ጥሩ» ብለን ሞላን።

ስሕተቱ የእኛ እንጂ የተማሪው እንዳልነበረ የተረዳነው በኋላ ሙከራውን ራሳችን ደጋግመን ስንሠራው ነው። የተነፋ ፊኛ ተጨማሪ ቦታ ይይዛል፤ በያዘውም ቦታ ልክ አየር ይገፋል፤ በዙሪያው ያለው አየርም በተገፋው አየር ክብደት ልክ ወደ ላይ ያነሣዋል። አዲስ አበባን በመሰለ፣ ከባሕር ወለል በላይ 2400 ሜትር ያህል ከፍታ ባለው ሥፍራ፣ የአንድ ሊትር አየር መጠነ ቁስ ወደ 0.9 ግራም ይጠጋል። ስለሆነም ፊኛው አንድ ሊትር ያህል ሲነፋ ሚዛኑ ያንኑ ያህል ቀንሶ ያሳያል። የጠፋ መጠነ ቁስ የለም፤ ሚዛኑም አልዋሸም። ይህን ሁሉ ትምህርት የያዘውን ቁጥር ነው ያሰረዝነው።

ሕጉን ያለዚህ ውስብስብነት ለማሳየት ጋዝ የማይፈጥር ሙከራ መምረጥ ይበጃል። የመዳብ ሰልፌትና የሶዲየም ሃይድሮክሳይድ ሙሙቶችን በሁለት ቢከሮች አድርጎ አብሮ መመዘን፣ መቀላቀል፣ ከዚያም ባዶውንና ሙሉውን ቢከር እንደገና አብሮ መመዘን ነው። ሰማያዊ ዝቃጭ ይፈጠራል፤ ሚዛኑ ግን ባለበት ይቆያል። የፊኛው ሙከራ ከዚህ ቀጥሎ በጥያቄ መልክ ቢቀርብ ክፍሉን ሁሉ ያነጋግራል።

የሳይንስ ታሪክም ይህንኑ ይመሰክራል። ሮበርት ቦይል እ.ኤ.አ. በ1673 ባሳተመው ሥራ፣ በተዘጋ ዕቃ ውስጥ ያጋላቸው ብረት አስተኔዎች ክብደታቸው እንደጨመረ ገለጸ፤ ምክንያቱም የእሳት ቅንጣቶች በብርጭቆው አልፈው መግባታቸው መሰለው። የመዘነው ግን ዕቃውን ከከፈተ በኋላ ነበር። ላቮይዚዬ እ.ኤ.አ. በ1774 ቆርቆሮ የተባለውን ብረት አስተኔ በተዘጋ ዕቃ ውስጥ አግሎ ሳይከፍት መዘነ፤ ለውጥ አልነበረም። በከፈተው ጊዜ አየር ገባበት፤ ክብደቱም ያኔ ጨመረ። ልዩነቱ የተገኘው «ዕቃው ተዘግቶ ነው ወይስ ተከፍቶ የተመዘነው?» ከሚለው ጥያቄ ነው።

ሁለተኛው ጉድለት የቅደም ተከተል ነው። የብዜት ወደር ሕግ የሚሰጠው ተማሪው የካርቦን ሞኖክሳይድንና የካርቦን ዳይኦክሳይድን ቀመር ካወቀ በኋላ ነው። በቀመሮቹ ውስጥ አንድና ሁለት የኦክስጅን አቶሞችን አስቀድሞ ካየ፣ ሕጉ ምን አዲስ ነገር ይነግረዋል? ዶልተን እ.ኤ.አ. ከ1803 እስከ 1808 ባሉት ዓመታት ይህን ሐሳብ ሲያዳብር እንዲህ ያለ የተረጋገጠ ቀመር በእጁ አልነበረም። ስለዚህ ለተማሪው ቁጥሮቹን ብቻ እንስጠው። አንደኛው ጋዝ 42.9 በመቶ ካርቦንና 57.1 በመቶ ኦክስጅን፣ ሁለተኛው 27.3 በመቶ ካርቦንና 72.7 በመቶ ኦክስጅን አለው። ላይ ላዩን ሲታዩ ዝምድና የላቸውም። ለ1 ግራም ካርቦን የሚደርሰው ኦክስጅን ሲሰላ ግን በአንደኛው 1.33፣ በሁለተኛው 2.66 ግራም ይሆናል። እጥፍ ነው። ለምን 1.7 ወይም 2.3 ጊዜ አልሆነም? ተማሪው ይህን ራሱ ከጠየቀ፣ ንጥረ ነገሮች የሚዋሐዱት በሙሉ ቅንጣት እንጂ በቁራጭ አለመሆኑን ለመቀበል ዝግጁ ነው።

ሦስተኛው ጉድለት ክርክሩ መደበቁ ነው። ፕሩስት እ.ኤ.አ. በ1799 ከተፈጥሮ የተገኘውና በቤተ ሙከራ የተሠራው የመዳብ ካርቦኔት አንድ ዓይነት ቅንብር እንዳላቸው ሲያስረዳ፣ ቤርቶሌ ቅንብር እንደ ሁኔታው ሊለዋወጥ ይችላል ብሎ ተከራከረው። ቤርቶሌ ከጠቀሳቸው ምሳሌዎች ብዙዎቹ ዛሬ ድብልቅ የምንላቸው ነበሩ። ይሁንና ሐሳቡ ፈጽሞ ከንቱ አልነበረም። ዉስታይት በተባለው የብረት ኦክሳይድ ውስጥ ለ100 የኦክስጅን አቶሞች የሚገኙት የብረት አቶሞች 95 ያህል ናቸው፤ ቁጥሩም እንደ አሠራሩ ከፍና ዝቅ ይላል። እንዲህ ያሉት ውሁዶች በቤርቶሌ ስም «ቤርቶላይድ» ይባላሉ። ይህን መንገር የቋሚ ወደርን ሕግ አያፈርሰውም፤ ወሰኑን ያሳያል እንጂ።

ጊዜ የለም፣ ተማሪው ብዙ ነው፣ ዕቃ የለም የሚል መልስ እንደሚመጣ እናውቃለን፤ ችግሩም እውነት ነው። ነገር ግን የመቶኛው ስሌት ከጠመኔና ከጥቁር ሰሌዳ በቀር የሚጠይቀው የለም። በሙከራ ዘገባ ላይም ለመጽሐፉ ቁጥር ሳይሆን በታማኝነት ለተመዘገበው ቁጥርና ለቀረበው ምክንያት ነጥብ መስጠት ወጪ የለውም። ተማሪው ያየውን ሰርዞ የተነገረውን መጻፍ ከለመደ፣ ሕጉን በቃሉ ቢወጣው እንኳ ሳይንስ ተማረ ለማለት ያስቸግራል።

ሠልጣኙን በኋላ አግኝተን ግምገማችን የተሳሳተ እንደነበር ነግረነዋል። ያን ተማሪ ግን አላገኘነውም። ይህ ጽሑፍ ቢደርሰው፣ አስቀድሞ የጻፈው 0.9 ትክክል እንደነበር ይወቅልን።