ከጣቢያ እስከ ጣቢያ

በሰሜን እንግሊዝ፣ ሴትልን ከካርላይል የሚያገናኘው ሐዲድ በ1876 እ.ኤ.አ. ለመንገደኛ ከተከፈተ ወዲህ ካመላለሳቸው ሰዎች ሁሉ ይልቅ እኔን የሚያስደንቁኝ፣ ባንዱ ጣቢያ ወርደው፣ በማኅበር ሆነው ተራራውን በእግራቸው ተሻግረው፣ በሌላው ጣቢያ የሚሳፈሩት እግረኞች ናቸው።

በዚሁ ሐዲድ ላይ ባለው በሪብልሄድ ጣቢያ የወረደው ማኅበር፣ 24 ቅስት ያለውን ታላቁን የድንጋይ ድልድይ ቀና ብሎ ካደነቀ በኋላ፣ ባቡሩ በዋሻ ውስጥ በጥቂት ደቂቃ የሚያልፈውን የብሊ ሙርን ኮረብታ በላዩ በዝግታ ይሻገረዋል፤ መሪው ከፊት፣ ደካማው ከመካከል፣ ብርቱው ከኋላ ሆነው፣ በበጎች መሰማሪያና በድንጋይ ካብ መካከል እየተጨዋወቱ፣ በእንግሊዝ ዋና ሐዲዶች ላይ ካሉት ጣቢያዎች ሁሉ በከፍታ ወደሚበልጠው ወደ ዴንት ይደርሳሉ።

በመኪና የመጣ ሰው መኪናውን ወዳቆመበት መመለስ ግድ ይለዋል፤ የባቡር እግረኛ ግን ወደ ፊት ብቻ ይሄዳል፤ የባቡሩም ሰዓት እንደ ቤተ ክርስቲያን ደወል ማኅበሩን በአንድነት ይሰበስበዋል።

ይህ ሐዲድ ሊዘጋ ተቃርቦ ሳለ፣ በወዳጆቹ ብርቱ አቤቱታ በ1989 እ.ኤ.አ. ከመዘጋት መዳኑ ለእግረኞቹም ታላቅ ጸጋ ነበር። መንገድ ሰውን ከሰው፣ ሰውንም ከሥነ ፍጥረት የሚያስተዋውቀው እንዲህ ቀስ ብለው በኅብረት ሲሄዱበት ነውና፣ ልማዱ ይባረክ።