ኪው ስትቀርባችሁ፦ የስክራብል ቃላትና የጠፋው ትርጉማቸው

እስቲ አስቡት። ስክራብል እየተጫወታችሁ ነው፤ ኪው የምትባለው ፊደል እጃችሁ ላይ ቀርታለች፣ አብራት የምትሄደው ዩ ግን የለችም። ልምድ ያለው ተጫዋች ኪውን ከአይ ጋር አጣምሮ 11 ነጥብ ይወስዳል። ምን ማለት ነው ስትሉት ብዙ ጊዜ «እኔ እንጃ» ነው መልሱ። ቃሉ «ቺ» ተብሎ ይነበባል፤ በቻይና ባህላዊ ሕክምና በሰውነት ውስጥ ይዘዋወራል የሚባለው የሕይወት ኃይል ነው። ለተጫዋቾች የሚዘጋጁት ዝርዝሮች ግን ብዙዎቹ ይህን አይነግሯችሁም። ቃሉና ነጥቡ፣ አለቀ።

ለጨዋታው ፍትሐዊ እንሁን። አሜሪካዊው አርክቴክት አልፍሬድ በትስ በ1930ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ሲፈጥረው የየፊደሉን ነጥብ የወሰነው በጋዜጣ ገጾች ላይ ስንት ጊዜ እንደሚገኝ ቆጥሮ ነው። ትርጉም ሒሳቡ ውስጥ አልገባም። ኒውዚላንዳዊው ናይጄል ሪቻርድስም በ2015 ፈረንሳይኛ ሳይናገር የፈረንሳይኛውን የዓለም ሻምፒዮና አሸንፏል። ሸምድዶ! እንደ ማስታወስ ችሎታ ድንቅ ነው፤ «እንግሊዝኛዬን ላሻሽል» ብላችሁ ዝርዝር ለምትሸመድዱት ግን ጥሩ አርአያ አይደለም።

ቅሬታዬ ዝርዝሩ ላይ ነው። ሁለት ኤ ጎን ለጎን ሲጻፉ «አ-አ» የሚባል ቃል ይሆናሉ፤ ከሃዋይ የመጣ ነው፣ ሲቀዘቅዝ ገጹ ሻካራና ስለታማ የሚሆን የእሳተ ገሞራ ቅልጥ ድንጋይ ማለት ነው። ጂኦሎጂስቶች ዛሬም ይጠቀሙበታል። በሲ፣ በደብልዩና በኤም ብቻ የሚጻፈው «ኩም» ደግሞ ከዌልስ ቋንቋ የመጣ፣ ተራራ ጎን ላይ ያለ ጎድጓዳ ሸለቆ ነው። ኤቨረስት ላይ በዚህ ስም የሚጠራ ሸለቆ አለ።

የእኛዎቹም አሉ። ጤፍ በሁለት ኤፍ ሲጻፍ 10 ነጥብ ያስገኛል። ብርም ተቀባይነት አለው፣ 6 ነጥብ ብቻ ቢሆንም (ምንዛሪው እዚህም አልራራልንም)። እዚህ ላይ ግን ትርጉም ማወቅ በነጥብ ይከፍላል። እንግሊዝኛ በዚሁ አጻጻፍ ሌላ ቃል አለው፤ እንደሚሽከረከር ነገር «ብርርር» ማለት። ይህኛው ግሥ ስለሆነ መጨረሻው ላይ ኢ እና ዲ ጨምራችሁ ኃላፊ ጊዜ ልታደርጉት ትችላላችሁ። ገንዘቡን ብቻ የሚያውቅ ሰው ይህ አይመጣለትም።

በጣም የምወደው ምሳሌ ግን ጫት ነው። በኪው ይጻፋል፣ በኬ ይጻፋል፣ በኬና በኤች ይጻፋል፤ ሦስቱም ያስኬዳሉ። ዝርዝሩ ላይ ሦስት የማይተዋወቁ ቃላት ይመስላሉ። ነገሩ ግን አንድ ቅጠል ነው፤ ስሙ ወደ እንግሊዝኛ የገባው ከዓረብኛ ነው፣ የመጀመሪያው ድምፅ እንግሊዝኛ ውስጥ ስለሌለ እያንዳንዱ ጸሐፊ እንደመሰለው ጻፈው። ይህን አንዴ ከሰማችሁ ሦስቱን መሸምደድ አያስፈልጋችሁም። ኪው ብቻዋን ስትቀር ጫት ትዝ ይላችኋል፤ 12 ነጥብ ነው፣ ዩም አያስፈልገውም።