ግቡ፣ ግቢ፣ ግቤ

በለንደን የሐበሻ ሠርግ ጥሪዎች፣ የምግብ ቤት ዝርዝሮችና የማኅበር ማስታወቂያዎች ላይ አንድ ዓይነት ፊደል ይዘወተራል፤ ዘንበል ያለ፣ ጫፉ የተጠቀለለ፣ በእጅ የተጻፈ የሚመስል። ያምራል ይባላል። ማማሩን ከመቀበላችን በፊት ግን ከማን የእጅ ጽሕፈት እንደተቀዳ መጠየቅ ይገባል።

የላቲን የእጅ ጽሕፈት ተያይዞ የሚሄድ ነው። ብዕሩ ሳይነሣ ከፊደል ወደ ፊደል ስለሚሻገር ጥቅልሉ ከእጁ እንቅስቃሴ ይወለዳል። የላቲኑ ኤች እግሩ ቢጠቀለልም ያው ኤች ነው። የእኛ ፊደል ግን እያንዳንዱ ለብቻው ይቆማል፤ አናባቢውም የሚቀመጠው ላቲኑ ጌጡን በሚያንጠለጥልበት ቦታ ነው። "በ"ን እንውሰድ። በቀኝ እግሩ ወገብ ላይ አጭር ሰረዝ ሲጨመርበት "ቡ"፣ ሰረዙ ወደ እግሩ ጫፍ ሲወርድ "ቢ"፣ ጫፉ ላይ ቀለበት ሲደረግለት "ቤ" ይሆናል። ግቡ፣ ግቢና ግቤ የሚለያዩት በዚህችው ጭረት ነው፤ የመጀመሪያው እንግዳ ያስገባል፣ ሁለተኛው አጥር አለው፣ ሦስተኛው ወንዝ ነው። የቀኝ እግርን ጫፍ ለውበት ብሎ የሚጠቀልል ነዳፊ ሳያውቀው ግዕዙን ኃምስ ያደርገዋል።

በአማርኛ ያደገ አንባቢ ከዐውዱ ገምቶ ያልፋል። እዚህ ተወልዶ ፊደል በመቁጠር ላይ ያለ ልጅ ግን የሚገምትበት ዐውድ የለውም። ያየውን ያነባል፤ ያየው ካሳሳተው ደግሞ ጥፋቱን በራሱ ላይ ያደርጋል።

በብዕር የተጻፈ መልክ ለኮምፒውተር አይሆንም ማለቴ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1868 ከመቅደላ ከተዘረፉት የብራና መጻሕፍት 350 ያህሉ እዚሁ ከተማ፣ በብሪቲሽ ላይብረሪ ይገኛሉ። በጎንደር ዘመን ጉልሕ ጽሕፈት የተጻፉትን ያየ ሰው ውበታቸው ከጥቅልል እንዳልመጣ ይረዳል። ቋሚው ወፍራም፣ አግዳሚው ቀጭን ነው፤ በፊደልና በፊደል መካከል ያለው ክፍተት የተመጠነ ነው። ቁም ጸሐፊው በመቃ ብዕሩ ያስጌጠው የፊደሉን አካል ነው፤ አናባቢውን አልነካም።

የእርሳስ ፊደልም ይህን ሕግ ጠብቋል። የአቡ ሩሚ የአማርኛ ትርጉም ለንደን ውስጥ ሲታተም፣ ወንጌላቱ በ1824፣ መጽሐፍ ቅዱሱ በሙሉ በ1840፣ የብዕሩ ለዛ ቢቀንስም እግርና ቀለበት በየቦታቸው ነበሩ። ዩኒኮድ በ1999 ለእያንዳንዱ ፊደላችን የራሱን ቁጥር ሰጥቶታል። ቁጥሩ ግን ቅርጹን አይጠብቅም፤ ማሽኑ "ቢ" ብሎ ያስቀመጠውን ዓይን "ቤ" ብሎ ሊያነበው ይችላል።

ከዊንዶውስ ቪስታ ጋር የመጣው ኒያላ ለዚህ ጥሩ ንጽጽር ነው። የብዕር ውፍረትና ቅጥነት ይታይበታል፤ ሆኖም ፊደሎቹ ቀጥ ብለው ይቆማሉ፣ ጭረቶቹም አይምታቱም። ለሠርግ ካርድ ደረቅ ነው የሚል ይኖራል። እንግዲያው የሙሽሮቹ ስም በትልቁ በጌጠኛው ይጻፍ፤ አድራሻውና ሰዓቱ ግን በግልጹ ይሁን።

ፈተናው ቀላል ነው። ነዳፊው ሥራውን ወደ ማተሚያ ቤት ከመላኩ በፊት ግቡ፣ ግቢ፣ ግቤ ብሎ በመረጠው ፎንት ይጻፍና ፊደል ለሚቆጥር ልጅ ያሳይ። ልጁ ሦስቱን ከለየ፣ ፎንቱ ያምራል።