ሁለት ጊዜ የተዘጋው ማተሚያ ቤት፦ «ቼሮኪ ፊኒክስ» በኒው ኢኮታ

ስለ አሜሪካ የድንበር አካባቢ ጋዜጦች የተጻፈው ታሪክ በአብዛኛው አንድ መልክ አለው። ሰፋሪው ወደ ምዕራብ ይዘልቃል፤ አሳታሚው ማተሚያ መኪናውን በጋሪ ጭኖ ይከተለዋል፤ ጋዜጣው ለአዲሱ ከተማ የሕግና የሥርዓት ምልክት ይሆናል። በዚህ ትረካ የመሬቱ ነባር ባለቤቶች ይጻፍባቸዋል እንጂ አይጽፉም። እ.ኤ.አ. ፌብሩወሪ 21 ቀን 1828 በኒው ኢኮታ የወጣው «ቼሮኪ ፊኒክስ» ግን በአሜሪካ ነባር ሕዝብ የታተመ የመጀመሪያው ጋዜጣ ነው። እዚህ ጽሑፍን፣ ሕገ መንግሥትንና ማተሚያ ቤትን ያቆመው ነባሩ ሕዝብ ሲሆን፣ ያፈረሰው የሰፋሪዎቹ መንግሥት ነው። የዚህ ዳሰሳ መከራከሪያ ከዚህ አንድ እርምጃ ያልፋል፦ ማተሚያ ቤቱ የተዘጋው ሁለት ጊዜ ነው። ሁለተኛውን መዘጋት የመጀመሪያውን ሳይመረምሩ መረዳት አይቻልም።

የጋዜጣው መሠረት ፊደሉ ነው። እንግሊዝኛ ማንበብ የማይችለው ብር አንጥረኛ ሴኮያ በ1821 ገደማ 86 ምልክቶች ያሉት ጽሕፈት ቀርጾ ጨረሰ። እያንዳንዱ ምልክት አንድ ሙሉ ቀለም ስለሚወክል፣ ቋንቋውን የሚናገር ሰው በአጭር ጊዜ አንባቢ ይሆን ነበር። የቼሮኪ ምክር ቤት በ1825 ፊደሉን ተቀበለ፤ በዚያው ዓመት ዛሬ በጆርጂያ ግዛት ካልሁን በምትባለው ከተማ አጠገብ ኒው ኢኮታን ዋና ከተማ አደረገ። በኮነቲከት በሚስዮን ትምህርት ቤት የተማረው ወጣት ኤላያስ ቡዲኖት በ1826 ከከተማ ወደ ከተማ እየዞረ ንግግር በማድረግ ለማተሚያው ገንዘብ አሰባሰበ። ሚስዮናዊው ሳሙኤል ዉስተር ደግሞ የቼሮኪኛው የእርሳስ ፊደል በቦስተን እንዲቀረጽ ረዳ።

ማተሚያ ቤቱ ከተጠረበ ግንድ የተሠራ፣ ርዝመቱ 9፣ ስፋቱ 6 ሜትር ገደማ የሆነ ቤት ነበር። የብረት ማተሚያው ከቦስተን በመርከብ፣ ቀሪውን መንገድ በጋሪ ተጓጉዞ ደረሰ። ወረቀት ግን አብሮ አልመጣም ነበርና ከቴነሲ እስኪመጣ ሥራው ቆመ። ለእንግሊዝኛ የተሠራው የፊደል ሣጥን ለዚህ ጽሕፈት ስለማይበቃ ሌላ መሥራት አስፈለገ። ለእያንዳንዱ ቀለም የተለየ ፊደል መልቀም ምን ያህል ድካም እንደሆነ በአገራችን በግዕዝ ፊደል ያተሙ የቀድሞ ፊደል ለቃሚዎች አሳምረው ያውቁታል። ከቋንቋው ጋር ፈጽሞ የማይተዋወቁ ነጭ አታሚዎች በዚያ ቤት ውስጥ ይህን ሥራ ከዜሮ ተማሩት።

የመጀመሪያው እትም በ1827 የጸደቀውን የቼሮኪ ሕገ መንግሥት በሁለቱም ቋንቋ ማተም ጀመረ። የደንበኝነት ዋጋውም አንባቢው ማን እንደሆነ ያመለክታል፤ በቅድሚያ ለሚከፍል 2.50 ዶላር፣ ቼሮኪኛ ብቻ ለሚያነብ 2 ዶላር ነበር። ሆኖም የገጾቹ ትልቁ ክፍል በእንግሊዝኛ የተያዘ ነበር። ይህን እንደ ጉድለት የሚያዩት አሉ፤ እኔ ግን የጋዜጣውን ድርብ ተልእኮ አይበታለሁ። ቼሮኪኛው አምድ ሕዝቡን ከራሱ ሕግ ጋር ያስተዋውቃል፤ እንግሊዝኛው በዋሽንግተንና በቦስተን ፊት ይሟገታል። በ1829 በስሙ ላይ «የሕንዳውያን ጠበቃ» የሚል ሲጨመር ሁለተኛው ተልእኮ በግልጽ ታወጀ።

ጥበቃ የሚያስፈልግበት ዘመን ነበር። ጆርጂያ ሕጓን በቼሮኪ ምድር ላይ ዘረጋች፤ በአካባቢው ወርቅ መገኘቱ የሰፋሪውን ጉጉት አባባሰው፤ በሜይ 1830 ነባር ሕዝቦችን ከሚሲሲፒ ወንዝ ማዶ ለማዛወር የሚያስችለው ሕግ ወጣ። የፌዴራሉ መንግሥት ለቼሮኪ ግምጃ ቤት ሲከፍል የነበረውን ዓመታዊ ገንዘብ በማስቀረቱ ጋዜጣው ድጋፉን አጣ። ዉስተር በ1831 ታስሮ የከባድ ሥራ ቅጣት ተፈረደበት። ጠቅላይ ፍርድ ቤት በማርች 1832 የጆርጂያ ሕግ በቼሮኪ ምድር እንደማይሠራ ወሰነ፤ ውሳኔው ግን ሕዝቡን ከመፈናቀል አላዳነውም።

የመጀመሪያው መዘጋት የመጣው በዚሁ ዓመት ነው። የጋዜጣው አዘጋጅ የነበረው ቡዲኖት ፍርድ ቤቱ እንኳ ሊያድናቸው እንዳልቻለ ሲያይ መሄድ የማይቀር ነው ብሎ አመነ፤ ክርክሩም በጋዜጣው ላይ እንዲወጣ ፈለገ። ዋናው አለቃ ጆን ሮስ አልፈቀደም። ጋዜጣው የብሔሩ ንብረት ስለሆነ የብሔሩን አንድ አቋም ብቻ ያሰማል ተባለ። ቡዲኖት በኦገስት 1832 ሥራውን ለቀቀ፤ ቦታውን የሮስ አማች ኢላይጃ ሂክስ ያዘ። ሮስ ያለ ምክንያት አልፈራም፤ የመከፋፈል ወሬ ለጆርጂያ መሣሪያ እንደሚሆን ያውቅ ነበር። ነገር ግን ከአምዱ የተባረረው ክርክር አልሞተም፤ ሕዝቡ ወደማያየው ቦታ ሄደ።

ገንዘብ ያጠረው ጋዜጣ በሜይ 31 ቀን 1834 የመጨረሻ እትሙን አወጣ። በ1835 ሮስ ማተሚያውን ወደ ቴነሲ ወስዶ ሥራውን ሊያስቀጥል ሲያስብ የጆርጂያ ዘቦች ቀድመው ማረኩት፤ የቡዲኖት ወንድም ስታንድ ዌይቲም ረድቷቸዋል። ሁለተኛው መዘጋት ይህ ነው፤ በውስጥ የተፈጠረውን ስንጥቅ የውጭው ኃይል ተጠቀመበት። በዲሴምበር 29 ቀን 1835 ቡዲኖትና ጥቂት ሰዎች ከብሔሩ ሥልጣን ሳይሰጣቸው ሕዝቡ ምድሩን እንዲለቅ የሚያደርገውን የኒው ኢኮታን ውል ፈረሙ። በ1838ና በ1839 በተካሄደው አስገዳጅ ጉዞ 4,000 ያህል ሰዎች እንደሞቱ ይገመታል። ቡዲኖት ራሱ በጁን 1839 በአዲሱ ምድር በወገኖቹ እጅ ተገደለ።

ቡዲኖት ለአንባቢ ክርክር ሲጠይቅ ትክክል ነበር፤ ያለ ሕዝቡ ፈቃድ ሲፈርም ግን ሊታለፍ የማይችል ጥፋት ሠራ። ሮስ ውሉን መቃወሙ ትክክል ነበር፤ አምዱን መዝጋቱ ግን አንባቢዎቹን የራሳቸውን ዕጣ ከመመርመር ከለከላቸው። ክፍት ክርክር መፈናቀሉን ያስቀረው ነበር አልልም፤ የጆርጂያ ኃይልና የፌዴራሉ መንግሥት ፍላጎት በጋዜጣ የሚቆም አልነበረም። ይሁን እንጂ ውሳኔው በድብቅ ከመፈጸሙ በፊት በሕዝብ ፊት መሟገት ነበረበት፤ ቤቱም የተሠራው ለዚህ ነበር።

በ1844 በታህለኳ «ቼሮኪ አድቮኬት» ሲመሠረት የብሔሩ ሕትመት እንደገና ተነሣ፤ ማተሚያውም በዚያው ዓመት በተሠራው የቼሮኪ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሕንጻ ውስጥ ተቀመጠ። በኒው ኢኮታ ደግሞ በ1954 የተካሄደ ቁፋሮ የሴኮያን ፊደል የተሸከሙ እርሳሶች አወጣ፤ የግንዱ ማተሚያ ቤትም እንደገና ተሠራ፤ ሥፍራው በ1962 ለሕዝብ ተከፈተ። ዳግም የተሠራ ሕንጻ የወራሪውን በደል ለማሳየት ይቀለዋል፤ ያም መነገር አለበት። ሙሉ ታሪክ የሚሆነው ግን የ1835ቱን ምርኮና የ1832ቱን ዝምታ ጎን ለጎን ሲያስተምር ነው። በከበባ ውስጥ ያለ ሕዝብ ጋዜጣ ከውጭ ጠላት መጠበቅ ያስፈልገዋል፤ ለራሱ ልጆች የሐሳብ ልዩነት ቦታ ካጣ ግን ጠላት ከመድረሱ በፊት ኃይሉ ግማሽ ሆኖ ይጠብቀዋል።