ጋቢና ጥላ

«ለመኖር ደሴ ይሻላል ኮምቦልቻ?» ሐርቡ ላይ ቡና በተፈላ ቁጥር ይህ ክርክር ይነሳል። ጡረታ የወጣውም፣ ከዓረብ አገር ገንዘብ የተላከለትም «ቤት የት ልሥራ?» ይላል። መልሱ ታዲያ ሁሌም ስለ አየሩ ነው። «ደሴማ ብርዱ አጥንት ይሰብራል!» ይላል አንዱ። ሌላው ይቀበልና «ኮምቦልቻስ? ሙቀቱ አለ፣ ወባው አለ» ይላል።

አልዋሹም። ጦሳ ሥር ያለችው ደሴ ከ2,400 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናት፤ ኮምቦልቻ 1,850 ሜትር ግድም። መንገዱ 25 ኪሎ ሜትር ቢሆን ነው፤ ደሴ ጋቢ ተከናንቦ የተሳፈረ ሰው ሐረጎን ሲጨርስ ጋቢውን ክንዱ ላይ ያደርጋል።

ግን እስቲ ልብ እንበል፤ በአየር የሚመርጠው ማነው? ኪሱ የሞላ ሰው ነው። ወጣቱ ወደ ኮምቦልቻ የሚሄደው ጨርቃ ጨርቁ፣ ቢራ ፋብሪካውና በ2009 ዓ.ም. የተመረቀው ኢንዱስትሪ ፓርክ እዚያ ስላሉ ነው። ምጥ የጠናባት እናትም ደሴ የምትወጣው ብርዱ ናፍቋት እንዳይመስላችሁ፤ ትልቁ ሆስፒታል እዚያ ስለሆነ ነው።

እንጀራው አንዱ ጋ፣ ሐኪሙ ሌላው ጋ ሲሆን፣ ምርጫ ያልነው ነገር ምልልስ ይሆናል። እኛ ግን ሐርቡ ምን እንደጎደላት መጠየቁን ትተን ስለ አየር እናወራለን። ብርዱን ጋቢ፣ ሙቀቱን ጥላ ይችለዋል። በሌሊት ታማሚ ይዞ ሐረጎን መውጣቱንስ ምን ይችለዋል?